ፓርክላንድስ ላይ የተጠየቀው ጥያቄ

ንጋት፣ ሳውዝ ሲ

ጎህ ሲቀድ እህቴ ከተከራየችበት ግቢ ወጣን። የሐምሌ ጉም ናይሮቢን ሸፍኗታል፤ ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ጀምሮ ይቺ ከተማ ሕልም ሕልም ትለኛለች። ታላቅ እህቴ ዘነበች ነጠላዋን አጣፍታ፣ ትንሿን ማክዳን እጇን ይዛ ከፊቴ ትሄዳለች። ማክዳ የሟች እህታችን የአስቴር ልጅ ናት። አስቴር ስታርፍ ገና ዳዴ ትል ነበር። ዘነበች ወስዳ አሳደገቻት፣ «ልጄ» አለቻት፤ በእኛ ዘንድ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ፓርክላንድስ ያለው የስደተኞች ቢሮ ግን ይጠይቃል። የካናዳ ጉዟቸው ዛሬ ይወሰናል፤ ካልታመኑ ሊለያዩ ነው።

ሞምባሳ መንገድ

ማታቱው፣ የናይሮቢው ሚኒባስ፣ ካሴቱን ለቆ በጉሙ ውስጥ ይንሳፈፋል። ማንዳዚ የሚሉትን ትኩስ ቦምቦሊኖ እየገመጥን ሳለ ማክዳ ዘነበችን እንግሊዝኛ ታስተምራታለች። ዘነበች በእንግሊዝኛ ሁሉንም ነገር «ዘ» ነው የምትለው፤ ዘ ሀውስ፣ ዘ ሄድ፣ ዘ ቸርች።

«እማ፣ ሰው ራሱን ሲያመው ማይ ሄድ ነው የሚለው። የምንወርድበትም ማይ ስቶፕ ይባላል፣ ኦኬ?»

«ፌርማታውን ገዛነው እንዴ?» አለች ዘነበች።

ሳቅን። እኔን ግን አንጀቴን በላችው። ቤቱ የአከራይ፣ አልጋው የጎረቤት፣ አገሩ የሰው ሆኖባት ስለኖረች፣ የኔ ማለት ያስፈራታል።

ረፋድ፣ ፓርክላንድስ

ጠያቂዋ ድምፀ ለስላሳ ኬንያዊት ናት። ዘነበች፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቿ እውነቱን ብቻ ተናገሪ ብለው መክረዋት ስለነበር፣ ማክዳ የእህቷ ልጅ መሆኗን ተናገረች። ተናግራም አቀረቀረች። ሴትየዋ ወደ ማክዳ ዞራ እናቷ የት እንዳለች ጠየቀቻት።

ማክዳ የዘነበችን ክንድ አቀፈች። «ማይ ማም ኢዝ ሂር» አለች። ሴትየዋ ከወረቀቷ ቀና ብላ ስታያት፣ ያልገባት መስሏት ጨመረችላት፤ «ዘ አዘር ዋን ዳይድ።»

ሌላኛዋ ሞታለች ማለቷ ነው። ዘነበች በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ሴትየዋ ብዙ አልጠየቀችም፤ አብረው እንደሚሄዱ ነገረችን።

መልስ

ጉሙ ተገፎ የቡገንቪሊያው አበባ በየአጥሩ ላይ ፈክቷል። ማታቱው ውስጥ ማክዳ ዘነበች ጭን ላይ ተኝታለች፣ ዘነበችም ፀጉሯን እየዳሰሰች ታንጎራጉራለች። ከልቤ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤም አዝኛለሁ። አስቴር ይቺን ልጅ ስትወልድ ደጅ ቆሜ የጠበቅኩት እኔ ነበርኩ። እነሱ ካናዳ አብረው ይሄዳሉ። አስቴርን እኔ በልቤ ይዣት አገሬ እገባለሁ።