የዋንዛው ጥላና የዲኤክሷ እድፍ

ጋሽ ዓባይነህ አንድ ዕቃ ለመግዛት ሦስት ሱቅ ያዳርሳሉ፤ ሦስቱንም ሻጮች ያስመርራሉ፤ በመጨረሻም ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ካርታ ሲነድፉ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ጡረታ ከወጡ ዐሥር ዓመት ቢያልፍም ዓይናቸው ዛሬም የሚያየው በሚሊ ሜትር ነው። ለቅሶ በሄዱበት ቤት እንኳ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ተንጋዶ ካዩ፣ ሰው ዘወር እስኪል ጠብቀው በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው ያቃኑታል።

እኒህ ሰው አጥብቀው የሚሳሱላቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ በልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካቸው ጀርባ የቆመው ዋንዛ ነው። የአባታቸው ግቢ ዋንዛ ነበር። የድሮው ሰፈር ሲፈርስ ጭቃ ቤቱም፣ የቆርቆሮ አጥሩም፣ የቦኖ ውሃው ወረፋም ከነሐሜቱ ሲሄድ እርሱ ብቻ ቀረ። ጋሽ ዓባይነህ፣ «የዶዘሩን ሹፌር ለምኜ ነው ያስቀረሁት» ይላሉ። ጎረቤታቸው ሠርካዲስ ግን፣ «ዶዘሩ ነዳጅ ጨርሶ ነው» ትላለች። ሁለተኛዋ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የገዟት ክሬም ቀለም ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ዲኤክሷ አፍንጫዋን ወደ ግንዱ አስጠግታ በዋንዛው ጥላ ሥር ትቆማለች። ጋሽ ዓባይነህ ጧት በመስኮት ብቅ ብለው ዛፋቸውንና መኪናቸውን አንድ ላይ ሲያዩ፣ ግቢያቸው ያልፈረሰ ይመስላቸዋል።

ችግሩ ጥላው ለሁለት መኪና የሚበቃ መሆኑ ነው።

ከዲኤክሷ ጎን፣ እርሷም አፍንጫዋን ወደ ዛፉ አዙራ፣ የሠርካዲስ ሰማያዊ ቮልስ ትቆማለች። ሠርካዲስ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት። ከአሮጌው ሰፈር ጀምሮ የአጥር ጎረቤታቸው ነበረች፤ በዕድሜ ስለሚበልጧት «እርስዎ» እያለች፣ በሙሉ አክብሮት ነው የምትሰድባቸው።

በመጋቢት መጨረሻ በሁለቱ መኪኖች መካከል፣ ልክ ቦታቸውን በሚለየው ነጭ መስመር ላይ፣ መሬቱ ጎድጎድ ባለበት፣ የሰፌድ ያህል የሰፋ ጥቁር የዘይት እድፍ ታየ። የዋንዛውም ቅጠል በዚያ በኩል ቢጫ ይል ጀመር።

«የእርስዎ ዲኤክስ ናት» አለች ሠርካዲስ።

«የኔዋ ይኸው አርባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ አንዲት ጠብታ ጥላ አታውቅም።»

«እንግዲያው ዛፉ ነዋ ዘይት የሚያወርደው!»

«ያንቺ ቮልስ ናት እንጂ። ስታስነሻት እኮ እንደ ሽማግሌ ነው የምትስለው።»

«እርስዎም ሲነሡ ይስላሉ። ዘይት ያፈሳሉ ያለዎት ሰው አለ?»

ነገሩ ኮሚቴ ዘንድ ደረሰ። ሰብሳቢው ቶኩማ ሜክሲኮ አካባቢ ባንክ ውስጥ የሚሠራ፣ ክራቫቱን ሳይፈታ የብሎኩን ጠብ የሚዳኝ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። የዲኤክሷን ኮፈን ከፊት አስከፍቶ አየ፤ የቮልስ ሞተር ከኋላ ነውና እዚያም ዞሮ አየ። ሁለቱም ሞተሮች ዘይትና አቧራ ተለውሶባቸው እንደ ተመረገ ግድግዳ ሆነዋል፤ ማን ከየት እንደሚያፈስ የሚለይ አልነበረም።

«እንግዲህ» አለ ቶኩማ፣ «እስከ ቅዳሜ ሁለታችሁም ሞተራችሁን ታጥባላችሁ። እሑድ ጠዋት ሩብ ሰዓት ታስነሡና ታጠፋላችሁ፤ ከሥር ንጹሕ ካርቶን ይነጠፋል። ከቅዳሴ መልስ ካርቶኑ ላይ ያንጠባጠበች መኪና ዛፉን ለቃ ከቆሻሻ ገንዳው ጎን ትቆማለች።»

የቆሻሻ ገንዳው ያለው ከብሎኩ ማዶ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚጠብሰው ቦታ ነው። ከጋሽ ዓባይነህ መስኮት ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ያን ዕለት ምሳቸውን በቅጡ አልበሉም።

በማግሥቱ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወደሚገኝ የመኪና ዕቃ መሸጫ ገቡ። ባለ ሱቋ ሳዲያ ፈጣን ሴት ናት።

«ሞተር ማጠቢያ ፈልጌ ነበር፤ የዘይት ጭቃ የሚያነሣ።»

«የሚነፋ ነው ጋሼ፣ ወይስ የሚበጠበጥ?»

«ልዩነታቸውን አስረጂኝ እስቲ።»

ሳዲያ ሰዓቷን አየችና ሁለቱንም ባንኮኒው ላይ ደረደረች። የሚነፋው ቆርቆሮ ኃይለኛ ነው፤ ጭቃውን ቶሎ ያቀልጣል፤ ነገር ግን ሞተር ሲሞቅ ከተነፋ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ጎማና ቀለምም ላይ ከቆየ ይጎዳል። አረንጓዴው ፈሳሽ በውሃ ይበጠበጣል፤ ቀስ ይላል፤ ብሩሽና ክንድ ይፈልጋል፤ ግን የዋህ ነው።

«ናፍጣስ? ጋራዦች በናፍጣ ሲያጥቡ አያለሁ።»

«ያነሣል። ግን ቅባቱ ይቀርና በሳምንቱ አቧራውን መልሶ ይጠራዋል፤ የጎማ ቱቦውንም ያሳብጠዋል።»

ጋሽ ዓባይነህ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በጠርሙሱ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበቡ። «ለዛፍ ሥርስ?»

«ምን አሉኝ?»

«ከእነዚህ ውስጥ ዛፍ የማይገድለው የትኛው ነው?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ሊያጥቡ ነው ወይስ ሊያጠጡ?» አለች ሳዲያ። ስቃ ስታበቃ ግን እውነቱን ነገረቻቸው፤ «አረንጓዴው ይሻላል። እሱንም ቢሆን እጣቢውን መሬት ላይ አይድፉት።»

ቀጥሎ የብሩሽ ምርጫ መጣ። የሽቦውን ብሩሽ አሉሚኒየም ይቦጭራል ብለው መለሱት። የፕላስቲኩን ከኪሳቸው ማስመሪያ አውጥተው ፀጉሩን ለኩ፤ አራት ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ወደዱት። የቀለም መቀቢያም አንድ መረጡ፤ ፈሳሹን ለመለቅለቅ። ከዚያ አመስግነው ምንም ሳይገዙ ወጡና ሁለት ሌሎች ሱቆች አዳርሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ሳዲያ ዕቃውን ሳይነግሯት አስቀድማ በፌስታል ጠቅልላ ጠበቀቻቸው።

ለጠባቡ ቀዳዳ የሚሆን ብሩሽ ግን ከእርሷ ዘንድ አልነበረም። ጋሽ ዓባይነህ በመንገዳቸው ሱፐርማርኬት ገብተው የሕፃን ጡጦ ማጠቢያ ብሩሽ አነሡ። ሒሳብ ተቀባይዋ ፊቷ በራ።

«እንኳን ማርያም ማረችልዎ! የልጅ ልጅ ነው?»

«አይ፣ ሞተር ናት» አሉ ጋሽ ዓባይነህ፣ እጅግ በቁም ነገር።

ቅዳሜ ጧት ሁለቱ ጎረቤታሞች በየመኪናቸው ተሰለፉ፤ እርሳቸው በዲኤክሷ አፍንጫ በኩል፣ እርሷ በቮልሷ ጭራ በኩል። ጋሽ ዓባይነህ የባትሪውን ገመድ ፈቱ፤ ውሃ የማይወደውን የኤሌክትሪክ ክፍል ሁሉ በፌስታል ጠቅልለው በላስቲክ አሰሩ፤ እጣቢው ሥሩን እንዳይነካ ከሞተሩ በታች ሰፊ ሳፋ አስገቡ። ሠርካዲስም የራሷን ሳፋ ካስገባች በኋላ አንድ ባልዲ ሙሉ ነጭ አረፋና አንድ እቅፍ ቅጠል ይዛ መጣች።

ጋሽ ዓባይነህ አንገታቸውን አሰገጉ። «ምንድን ነው እሱ?»

«እንዶድ።»

«እንዶድ! ሠርኬ፣ ሞተር ነው እኮ፣ ጋቢ መሰለሽ?»

«ጋቢ ያነጣ እንዶድ ሞተር ያቅተዋል?»

«ቅጠሉስ?»

«ግራዋ። የጠላ ጋን የሚያጠራ ነገር የእርስዎን አረንጓዴ ሽሮፕ ያስንቃል።»

ጋሽ ዓባይነህ ሳቁባት። አረንጓዴውን ለቀለቁ፤ እንደ መመሪያው ዐሥር ደቂቃ በሰዓት ቆጥረው ጠበቁ፤ ፈተጉ። የላይኛው ጭቃ እንደ ቅቤ ቀልጦ ወረደ። በቀለም ብሩሹ ሰፊውን፣ በጡጦ ማጠቢያው ጠባቡን፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የብሎን ጥርሱን አዳረሱ። የቀረው ከሞተሩ ግርጌ፣ ወደ ግንዱ በሚያየው በኩል የተጋገረ ጣት የሚያህል ጥቁር ቅርፊት ብቻ ነበር። አረንጓዴውን ሦስት ጊዜ ቀቡት፤ አልሰማቸውም። ወደ ቮልሷ ጭራ ዞር ብለው አጮለቁ፤ የቮልሷ ሞተር እንደ አዲስ ድስት ያበራል።

በዚህ መካከል የሠርካዲስ ስልክ ከፎቅ ላይ ጮኸና ወደ ቤቷ ሮጠች። ጋሽ ዓባይነህ ግራ ቀኝ አዩ። በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ልጅ ሆነው የእናቷን ኮሽም ለመስረቅ በአጥሩ ቀዳዳ እንደገቡት ሁሉ፣ በጣታቸው ጫፍ ተራምደው ወደ ባልዲዋ ሄዱ። በጣሳ ከእንዶዱ ቀዱ፤ ከግራዋውም አንድ ጭብጥ ዘገኑ። ቅርፊቱን በአረፋው አራሱ፤ በግራዋው አሹ፤ የካቻቢቴ ጫፍ ሥሩ ሰደዱና ፈነቀሉት። ቅርፊቱ እንደ ክዳን ሙሉውን ብድግ ብሎ ወጣ! ከሥሩ ያለው ብረት ሲያበራ ልባቸው በደስታ ተንሳፈፈ።

ሠርካዲስ ተመልሳ ባልዲዋን አየች፤ እርሳቸውን አየች።

«ጋሽ ዓባይነህ።»

«አቤት።»

«ጢምዎ ላይ አረፋ አለ።»

እሑድ ጠዋት ቶኩማ አንድ የፍሪጅ ካርቶን ለሁለት እኩል ከፍሎ መጣ። ሞተሮቹ ሩብ ሰዓት ሠሩ፤ ጠፉ፤ ካርቶኖቹ ተነጠፉ። ሁሉም ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ልደታ ቤተ ክርስቲያን አመራ። ጋሽ ዓባይነህ ግን ከመንገድ፣ «መነጽሬን ረሳሁ» ብለው ተመለሱ። መነጽራቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ተንበርክከው ከዲኤክሷ ሥር አጮለቁ። ካርቶኑ ላይ፣ ወደ ዛፉ በኩል፣ የሽልንግ ያህል ጥቁር ነገር ተቀምጧል። እያዩት አንድ ጠብታ ተጨመረችበት። ወደ ቮልሷ ሥር ዞሩ፤ የእርሷ ካርቶን እንደ ወረቀት ነጭ ነው። ወደ ላይ ቢያዩ ዋንዛው፣ ወደ ማዶ ቢያዩ የቆሻሻ ገንዳው። ግቢው ውስጥ ሰው የለም።

ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ነገር ለንስሐ አባታቸው እንኳ ሲነግሩ በአጭሩ ነው የነገሩት። የእርሳቸውን ካርቶን ሳቡና በቮልሷ ሥር፣ የእርሷን ደግሞ በዲኤክሷ ሥር አነጠፉት። ጉልበታቸውን አራግፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። አስቀደሱ ለማለት ያህል ቆሙ፤ አንድም ነገር አልሰሙም።

ከቅዳሴ መልስ ሰው ተሰበሰበ። ቶኩማ በመጀመሪያ የቮልሷን ካርቶን ጎትቶ አወጣና፣ «ኧረ ሲስተር፣ አንጠባጥበዋል» አለ።

ሠርካዲስ አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ ካርቶኑን አየች፤ መኪናዋን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ ጋሽ ዓባይነህን ለረጅም ጊዜ አየች።

«ቶኩማ፣ ጠብታው በየት በኩል ነው?»

«በአፍንጫዋ በኩል፣ ዛፉ ሥር።»

«የቮልስ ሞተር የት ነው?»

ቶኩማ ወደ ቮልሷ ጭራ ዞሮ አየ። ከተሰበሰቡት አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ጋሽ ዓባይነህ» አለች ሠርካዲስ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ይህች መኪና ከፊት በኩል ያላት የሻንጣ ቦታ ነው። ሻንጣዬ ነው ዘይት የሚያፈሰው?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሰሜንንና ደቡብን ሲያመለክቱ የኖሩት ሰውዬ ጆሯቸው ቀላ። ቶኩማ የዲኤክሷንም ካርቶን አወጣ። በቅዳሴው ሰዓት ሦስት አዲስ ጠብታዎች ወርደውበታል፤ እነርሱም በአፍንጫዋ በኩል።

«እኔ ነኝ የቀያየርኩት» አሉ ጋሽ ዓባይነህ። «እኔ ነኝ። ግን በእግዚአብሔር ስም፣ ትናንትና ድረስ አታፈስም ነበር!»

«ታፈስ ነበር እንጂ፣ በጥቂቱ» አለች ሠርካዲስ፣ በነርስነት ድምፅዋ። «ቁስሉን የደፈነው ያ ቅርፊት ነበራ። ቅርፊት ያለጊዜው ሲላጥ ይደማል። ለዚያውም በእኔ እንዶድ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ዓባይነህ ሳቁን አልሰሙትም። ዓይናቸው በእድፉ በኩል በረገፉት ቢጫ ቅጠሎች ላይ ነበር። ሌላ ሰው ሲወነጅሉበት የከረሙትን መርዝ ጠብ በጠብ ያጠጡት ራሳቸው ናቸው። ቶኩማ ውሳኔውን ተናግሮ እስኪጨርስ አልጠበቁም። ዲኤክሷን አስነሡ፤ ወደ ኋላ አወጧት፤ በብሎኩ ዞረው ከቆሻሻ ገንዳው ጎን አቆሟት። ሳፋቸውንም ከሥሯ አስገቡላት። ሰኞ ጋራዥ ሊወስዷት በልባቸው ቀጠሩ፤ ወደ ዛፉ ሊመልሷት ግን አልቀጠሩም።

ከሰዓት በኋላ ቶኩማ በመስኮቱ ሲመለከት፣ ዲኤክሷ በለቀቀችው ቦታ፣ በሁለቱ ነጭ መስመሮች ትክክል መካከል ጋሽ ዓባይነህ የፕላስቲክ ወንበር ዘርግተው፣ እግራቸውን አነባብረው ጋዜጣ ያነባሉ። ወረደ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የመኪና ማቆሚያ ነው።»

«ውሳኔህ ምን ይላል? የሚያንጠባጥብ ይነሣ ነው የሚለው። እኔ አላንጠባጥብም።»

«በዚህ ዕድሜ?» አለች ሠርካዲስ የመኪናዋን ቁልፍ እያንቀጫቀጨች ስትመጣ። «እስቲ ካርቶን አንጥፍላቸውና እናረጋግጥ!»

ቶኩማ ክራቫቱን ፈታ፤ ሲፈታ ያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ እጁን እያወናጨፈ ወደ ቤቱ ገባ። ሠርካዲስ የቮልሷን በር ለመክፈት ብትሞክር ወንበሩን ነካባት።

«በሬን ልክፈትበት፤ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ።»

ጋሽ ዓባይነህ ጋዜጣቸውን አጠፉ። ነጩን መስመር አዩ፤ በሩን አዩ፤ ጎንበስ ብለው መሬቱን በስንዝራቸው ለኩ። ሁለት ስንዝር ጠጋ አሉላትና፣ «ከዚህ ወዲያ ድንበሬ ነው» አሉ።