ብርቱካናማው ገመድ

ሁለት ቢሮዎችን በኔትወርክ ላገናኝ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ብቻዬን ተላክሁ። በግቢው የተቀበረው አሮጌ ፋይበር፣ መረጃ በብርሃን የሚያሳልፈው የመስታወት ክር፣ ብርቱካናማ፣ እኔ ያመጣሁት ማገናኛ ገመድ ደግሞ ውሃ ሰማያዊ ነበር። ጫፋቸው ልክክ ሲልልኝ አለቀ አልኩ። መስመሩ ግን እምቢ አለ፤ ሦስት ቀን መስመር አከፋፋዩን ስዊች ስረግም ሰነበትኩ። በነዚያ ቀናት ከበር ጠባቂው አባባ በቀር ያናገረኝ ሰው የለም። በመስኮቱ ባለፉ ቁጥር «አብሽር፣ ልጄ!» ይሉኛል፤ እኔ ቀና ብዬ እንኳ አላያቸውም።

ለካ ቀለሙ የስፋት ምልክት ነው፤ የአሮጌው ክር ውስጡ ሰፊ፣ የእኔው ጠባብ ኖሮ፣ ብርሃኑ መጋጠሚያው ላይ ይባክን ነበር። በአራተኛው ቀን ከአሮጌ ዕቃ መሃል ብርቱካናማ ማገናኛ አግኝቼ ሰካሁ። አረንጓዴው መብራት በራ።

ለአባባ ልነግራቸው ወደ በሩ ሮጥኩ። ወንበራቸው ላይ ሌላ ጥበቃ ተቀምጧል።

«ማንን ፈልገህ ነው?» አለኝ።

ስማቸውን አላውቅም ነበር።