የጣሪያው ጠብታ

አንሶላ አጣቢዋ አፏ ምላጭ ነው። ከክፍሏ ጣሪያ ውሃ ጠብ ጠብ ሲልባት ጥፋተኛ ለመፈለግ አልደከመችም። ደረጃው ላይ ቆማ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ ፎቅ የሚኖሩትን ሽማግሌ «ቧንቧዎን ያሠሩ እንጂ! ሰው ላይ እያፈሰሱ እንቅልፍ ይወስድዎታል?» ብላ አዋረደቻቸው። እሳቸውም ቧንቧቸውን ዘግተው ከግቢ በጀሪካን መቅዳት ጀመሩ።

ዛሬ ልጇ ለሳይንስ ፈተና ስትከልስ እሷ መጽሐፉን ይዛ እየጠየቀቻት ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ አንሶላው በበርሜል ይፈላል።

«እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ምን ይሆናል?»

«ተመልሶ ውሃ ይሆናላ! እንደኛ ጣሪያ ነዋ፣ እማዬ!» አለች ልጅቷ እየሳቀች።

እናትየዋ ቀና አለች። ከበርሜሉ የወጣው እንፋሎት የጣሪያው ሲሚንቶ ላይ ጠብታ ሆኖ ተንጠልጥሏል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

እንደምንም ደረጃውን ስትወጣ ሽማግሌው ጀሪካን ተሸክመው እያለከለኩ መሀል ላይ ቆመዋል።

«አሁንም ይፈሳል እንዴ፣ ልጄ?» አሏት ቀድመው።



«የራሴ እንፋሎት ነው፣ አባባ። ቧንቧዎን ይክፈቱት» አለች፣ አንገቷን ደፍታ፤ ግን እንደዚያን ቀኑ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብላ። ፊቷን እንዳያዩት ጀሪካኑን ተቀብላ ቀድማቸው ወጣች።