ከትከሻው ያልወረደች

ካሳ ደግሰው የሚባለው ገበሬ ትከሻውን ሊመረመር ሰቆጣ ሊሄድ ነው ሲባል መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። ሕመሙ አላሳቃቸውም፤ ያሳቃቸው የታዘዘለት የአልትራሳውንድ ምርመራ ነው። በዚያ አገር አልትራሳውንድ ማለት የእርጉዝ ሆድ ማያ ነው፤ ሌላ ሥራ ያለው አይመስላቸውም። «እንግዲህ ገንፎ ይዘጋጅ!» አሉ ወንዶቹ። ሴቶቹም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ተንከተከቱ። በኋላ ግን አንዷ አገኘሁሽን አስታወሰችና ሳቁ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ።

አገኘሁሽ የካሳ ሚስት ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ምጡ ጠናባት። አምቡላንሱ መንደሩ ድረስ አይወጣም፤ ታች ወደ ጽጽቃ የሚወስደው መንገድ ዳር ነው ቆሞ የሚጠብቀው። ስለዚህ በቃሬዛ አወረዷት። ቃሬዛ ደግሞ ደንብ አለው። ሰው ሲደክመው ከኋላ የሚከተለው «ትከሻ ስጥ» ብሎ ሸክሙን ይቀበለዋል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ካሳ እምቢ አለ። «ሚስቴን እኔው አደርሳታለሁ» ብሎ ከፊት በግራ በኩል ያለውን አጣና በቀኝ ትከሻው ተሸክሞ ሙጭጭ አለ። በቀኙ አጣና ታናሽ ወንድሟ ንጋቱ ነበር።

ጠጠራማው ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ አገኘሁሽ ከላያቸው ሆና «ቀስ በሉ» አለች። ወዲያው ቃሬዛው ተንጋደደ። ካሳ የሚያስታውሰው ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ጧ ማለቱንና ሚስቱ ድንጋይ ላይ መውደቋን ነው። መንገዱ ጋ ሳይደርሱ እሷም አረፈች፣ ልጁም በሆዷ ቀረ። ከኋላ የነበሩት ከፊት የሆነውን አላዩም፤ ማንም ደግሞ አልጠየቀም። ትከሻ አልሰጥም ያለው ካሳ ነው፤ ስለዚህ የጣላትም ካሳ ነው። ካሳም ራሱ ይህንኑ አመነ።

ከዚያ ወዲህ በዚያች ቁልቁለት ሲወርድም ሆነ ሲወጣ «ቀስ በሉ» የሚል ድምፅ ይሰማዋል። በቀኝ ጎኑ መተኛት አይችልም። ወጌሻው ወለም ብሎ ነው እያለ ክንዱን እየጎተተ አስጮኸው፤ ጠበሉም ሕመሙን አላቀለለለትም። አንዲት አሮጊት «አገኘሁሽ ከትከሻው አልወረደችም» አሉ፤ ይህም አገር ምድሩ የሚለው ሆነ። እርሻውን በየክረምቱ ሳይጠራ መጥቶ የሚያርስለት ንጋቱ ነው። ሲያርስ ቀና ብሎ አያየውም፣ ምሳ እንኳ አብሮት አይበላም። ካሳ ይህን ቂም ነው ብሎ ያስባል። እህቱን የጣለበትን ሰው በምን ዓይኑ ይየው?

ዘንድሮ ቀኝ እጁ ለማማተብ እንኳ ግንባሩ ጋ አልደርስ አለ። ሰቆጣ እንሂድ ብሎ የወተወተው ንጋቱ ነው። ካሳ የተስማማው ግን ለመዳን ብሎ አልነበረም። ሥጋን ዘልቆ የሚያይ መሣሪያ ካለ አንድ ነገር ሊጠይቀው ፈልጎ ነው፦ እጄ ለቅቋታል ወይስ አልለቀቃትም?

ክሊኒኩ ውስጥ ሆዳቸው ከገፋ ሴቶች መሐል ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። ንጋቱ አልገባም፤ ደጅ ቀረ። የምትመረምረው ዶክተር ሀናን የሰቆጣው ጨርቅ ነጋዴ የሰላሕ ልጅ ነች። ትከሻው ላይ ቀዝቃዛ ቅባት አፍስሳ መጀመሪያ በደህናው በኩል አየች።

«ይኼ ጅማት ነው፤ እንደ አልጋ ጠፍር ወጥ ሆኖ ሲሄድ ያዩታል?» አለችው ስክሪኑን እያሳየችው። ከዚያ መሣሪያውን ወደ ቀኙ አዞረች። እዚያ ጠፍሩ መሐል ላይ ተቋርጧል። ጫፉ ወደ ውስጥ ሸሽቷል፤ በመካከሉ ጥቁር ክፍተት አለ። ካሳ ጥቁሩን ትኩር ብሎ አየው። እዚያ ውስጥ እሷን የሚያያት መስሎት ፈራ።

ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ቃሬዛውን፣ እምቢታውን፣ ጧ ያለውን። «ለቅቄያት ነው የወደቀችው?» አላት።

ሀናን መሣሪያውን ከትከሻው አነሣች። «መሣሪያው የዚያን ቀን የሆነውን አያሳየኝም» አለች። «ግን የለቀቀ ሰው እንዲህ አይበጠስበትም። ሸክሙ ድንገት ሲከብድበት አልለቅም ያለ ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው። ምናልባት መጀመሪያ የወረደው በሌላው በኩል ያለው አጣና ይሆናል።» ጅማቱ ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ፣ በእንቅስቃሴ ግን እጁ እስከ ግንባሩ ሊደርስ እንደሚችል ነገረችው። ካሳ ይህን ሁሉ አልሰማም። በሌላው በኩል የነበረውን ንጋቱን ነበር የሚያስበው።

ንዴቱ እንደ እሳት ተነሣበት። ይህን ሁሉ ዓመት! አንዲት ቃል ሳይተነፍስ! በሩን በርግዶ ወጣ።

ንጋቱ ግንቡን ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል። ካሳን ሲያይ ዘሎ ተነሣ። «ምን አለችህ፣ አያ ካሳ?» አለ። የሚጠይቅበት ድምፅ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነበር። ካሳ እጆቹን አያቸው፤ በየክረምቱ የሱን መሬት ሲያርሱ የሻከሩ እጆች ናቸው። ሊወቅሰው ያሰበውን ተወው።

«ጉዳቱ ያረጀ ነው አለች» አለው። «በምን እንደተበጠሰ መሣሪያው አያውቅም።»

ንጋቱ የካሳን ከረጢት ተቀብሎ አነገተ።

በማግስቱ ከጽጽቃው መንገድ ዳር ከመኪና ወርደው በእግር ወደ መንደራቸው መውጣት ጀመሩ። ንጋቱ ከፊት ነው። ጠጠራማው ቦታ ሲደርሱ ካሳ እንደወትሮው ድምፁን ሰማው። «ቀስ በሉ።»

ቀና ቢል ንጋቱም ቆሟል። አንድ እግሩን አንሥቶ፣ ለማሳረፍ ፈርቶ።

«ሰማሃት?» አለው ካሳ።

ንጋቱ ፊቱን አላዞረም። «መቼ ዝም ብላ ታውቃለች» አለ።

ካሳ ተጠጋው። በደህናው እጁ የንጋቱን ትከሻ ያዘና «ትከሻ ስጥ» አለው።

ንጋቱ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ካሳም አጠገቡ ተቀመጠ። ኋላ ሲነሡ ሁለቱም ቀስ ብለው ነበር የወጡት።