የእቴ ዘሀራ የኑግ ዘይት

ከትናንት ወዲያ ጠዋት ከቤት ስወጣ፣ ልጄ ጀማል ከሳዑዲ ተመልሶ የገዛት አሮጌ መኪና ግቢያችን ውስጥ ቀይ ነገር አንጠባጥባ አገኘኋት። መጀመሪያ ዶሮ የታረደ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነክቼ ሳሸተው ገባኝ፤ የመሪ ዘይት ነው። ባለቤቴ ግቢው እንዳይበላሽ ብላ ሊጥ የምታቦካበትን ሳፋ ከሥሩ ደቅናለታለች። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሳፋውን አንስቼ አጥሩ ጥግ ወሰድኩትና ከእንግዲህ ሊጥ እንዳይነካ አልኳት።

"ታጥቦ አይጠራም እንዴ?" አለችኝ።

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩና ሐሳቤ ወደ ጥንቱ ነጎደ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እዚሁ ሐይቅ ከተማ ለአንድ የእህል ነጋዴ የጭነት መኪና እነዳለሁ። የደርግ መጨረሻው ነው፤ ቅይጥ ኢኮኖሚ ተብሎ እህል በነፃ መነገድ የተፈቀደበት ጊዜ። ዕድሜውን ሙሉ ኬላ ላይ ሲነጠቅ የኖረ ነጋዴ ሁሉ እንደ ተፈታ ጥጃ ይፈነጭ ነበር። በዚያው መንገድ ላይ ግን ጦርነቱም ይመጣል። እኛ ማሽላና ጤፍ ጭነን ወደ ሐይቅ ስንመለስ፣ ወታደር የጫነው ወደ ሰሜን ይሄዳል። ጌታዬ መኪናዋን አንድ ቀን ጋራዥ ላስገባት ብላቸው አይሰሙኝም። ይህ ፈቃድ ነገ ይታጠፍ እንደሆነ ማን ያውቃል ይላሉ። እውነታቸውን ነበር መሰለኝ።

መኪናዋ አሮጊት ነበረች። የመሪዋ ዘይት የሚሄድበት ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ያለው ጎሚኒ፣ የላስቲክ ቀለበቱ፣ ተበልቶ ያፈሳል። ዘይቱ ሙሉ ሲሆን መሪው በአንድ እጅ ይዞራል፤ ሲጎድል ግን በሬን በቀንዱ ይዞ እንደ መጠምዘዝ ነው። አዲስ ዘይት ደግሞ ከሠራዊቱ በቀር ማንም ዘንድ የለም። ስለዚህ የድልህ ጣሳ ከቱቦው ሥር በሽቦ አስሬ፣ ጠብ ያለውን በአሮጌ ሸሚዜ እያጠለልኩ መልሼ እሞላው ነበር። ሸሚዙ ላይ የሚቀረውን ባታዩት ይሻላችኋል። አሸዋ አለ፣ የፌንጣ እግር አለ፣ ጭራ የሚመስል ፀጉር አለ። ሽታው የተቃጠለ ጎማ ነው። እጄን በሳሙናም በአመድም ባሸው አይለቅም፤ እንጀራ ስጎርስ አብሮ ይጎረሳል። ለመድኩት ብዬ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር መልመድ ራሱ ጥሩ አይደለም፤ አሁን ሳስበው።

አንድ ሐሙስ ከውጫሌ ገበያ ስመለስ እቴ ዘሀራ አብራኝ ተሳፈረች። የሰፈራችን ሴት ናት፤ ባሏ ሞቶ አንድ ልጇን አህመድን ይዛ የምትኖር። አህመድን ለውትድርና ወስደውት፣ በሕይወት ከመጣልኝ ሰደቃ አወጣለሁ ብላ ተስላ ነበር። መጣላት፤ አንድ እግሩን እየጎተተ ቢሆንም መጣ። ሰደቃው በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ነው። አምባሰል ያለው ወንድሟ ከዘራው ኑግ ያስጨመቀችውን ዘይት በቢጫ ጀሪካን ይዛለች። ጋቢናው ውስጥ በእግሮቿ መሀል አስቀምጣ፣ መኪናዋ በዘለለች ቁጥር ክዳኑን በመዳፏ ትጫነዋለች።

"ሰይድዬ፣ ቀስ በል። ይሄ የአህመዴ ነው" ትለኛለች።

ጥር ስለሆነ መንገዱ ዱቄት ነው። ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ የወታደር መኪኖች ተከታትለው መጡ። ጥግ ልይዝላቸው መሪውን ባዞረው እንቢ አለኝ። በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ፣ እግሬን ተክዬ፣ ለጥቂት ነው ያለፉን። በእሷ በኩል ያለው ገደል ነበር። እቴ ዘሀራ ዓይኗን ጨፍና አላህን ትጠራለች። ሰፋ ያለ ቦታ ላይ አቆምኩ። የዐሱር ሶላት ደርሶ ነበርና እሷ ውዱእ አድርጋ ልትሰግድ ወረደች።

ጣሳውን ፈትቼ ባየው ታቹ ላይ ጥቁር ጭቃ ብቻ አለ። ዘይቱ ሌላ ቦታ ተደፍቶ አልቋል። ከፊታችን ገና ብዙ ጠመዝማዛ ነበር። ያን ጊዜ ጀሪካኑን አየሁት።

ልጠይቃት እችል ነበር። ሶላቷን እስክትጨርስ ልጠብቅ እችል ነበር። ነገር ግን ለሰደቃ የታሰበ ነው፣ እንቢ ትለኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ክዳኑን ከፍቼ ጣሳዬን ሞላሁና ወደ መሪው ማጠራቀሚያ ገለበጥኩት። ደገምኩ። ሦስተኛውን ግማሽ ድረስ እንዳፈሰስኩ ሞላ። ዘወር ብል እቴ ዘሀራ ሶላቷን ጨርሳ እያሰላመተች ነው፤ አንገቷ ወደ ቀኝ ዞሯል። ጀሪካኑ መጉደሉ እንዳይታወቅብኝ ተጣድፌ፣ ጣሳው ውስጥ የቀረውን ከነጥቁር ጭቃው መልሼ ጀሪካኑ ውስጥ ጨመርኩት።

መሪው እንደ ቅቤ ዞረ። ትንሽ ሄደን ዘይቱ ሲግል ጋቢናው የወጥ ቤት ሽታ ሸተተ። እቴ ዘሀራ ጀሪካኑን ዳሰስ፣ ዳሰስ አድርጋ ፈሰሰ እንዴ አለች። አልፈሰሰም አልኳት። ጥቂት ጠብታ ምን ያደርጋል እያልኩ ራሴን ሳባብል ሐይቅ ገባን።

በማግስቱ መቅረት ፈልጌ ነበር። ብቀር ይታወቅብኛል ብዬ ሄድኩ። ጎረቤቱ ሞልቷል፤ ሼሁ ዱዓ እያደረጉ ነው። እቴ ዘሀራ ልጄን ያመጣልኝ አላህ፣ ዘይቴን ያመጣልኝ ሰይድ እያለች ከአህመድ ጎን አስቀመጠችኝና የመጀመሪያውን ሳህን ለእኔ አቀረበች። ሽሮው ላይ ዘይቱ ያብለጨልጫል። ቢስሚላህ ብዬ ጎረስኩ።

የሸሚዜ ሽታ ነበር። የተቃጠለ ጎማ፣ የጋለ ብረት፣ ያ የፌንጣ እግር ሁሉ ምላሴ ላይ መጣ። ዓይኗ እኔ ላይ ስለሆነ ዋጥኩት። ሲወርድ ይታወቀኛል። ሁለተኛውን ጠቅልዬ ይዤ መጉረስ አቃተኝ። ያን ጊዜ አህመድ እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ። ከጦር ሜዳ የተረፈ ልጅ፣ የእናቱን ስለት ሊበላ። እጁን ያዝኩት።

"አትብላ" አልኩት። "የመኪና ዘይት አለበት። እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

አንድ ሽማግሌ ሳህናቸውን ወደፊት ገፋ አድርገው፣ "እና ዛሬ ሁላችንንም ጎማ ሊያስገጥመን ነው?" አሉ። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። እኔ ወደ ደጅ ሮጬ አጥሩ ሥር አስመለስኩ። ዘይቱን ይሁን ራሴን፣ የትኛውን እንደተጸየፍኩ አላውቅም።

ስመለስ እቴ ዘሀራ የድስቱን ሽሮ ጉድጓድ እየደፋች ነው። እንግዶቹ ባዶውን የስንዴ ንፍሮ ይዘዋል። ቀና ብላ አየችኝ።

"ብትለምነኝ እከለክልህ ኖሯል?" አለችኝ።

ንፍሮ ዘግና እጄ ላይ አኖረችልኝ። ልሄድ ስነሳ የቀረውን ዘይት ከነጀሪካኑ አምጥታ፣ ለመኪናህ ይሁን ብላ ሰጠችኝ። እንቢ ማለት አልቻልኩም። ዘይቱ ውሎ አድሮ መሪው ውስጥ እንደ ሙጫ ረጋ፤ ጌታዬም ሳይወዱ መኪናዋን ጋራዥ አስገቡ። እስከዚያ ድረስ ግን መሪውን ባዞርኩ ቁጥር ያ ሰደቃ ይሸተኝ ነበር።

ከዚያም በኋላ እቴ ዘሀራ ከእኔ ጋር ብዙ ጊዜ ተሳፍራለች። አንድም ቀን አላነሳችብኝም፤ ሰይድዬ ማለቷንም አልተወችም። ብቻ ለሶላት ስንቆም አዲሱን ጀሪካኗን ይዛ ትወርዳለች። ከፊቷ ታስቀምጠውና ከዓይኗ ሳታርቅ ትሰግዳለች። እኔ መሪውን ይዤ ከመስታወቱ ውስጥ አያታለሁ።

ጀማል ትናንት ማታ፣ መንገዱ ተዘግቶ የመሪ ዘይት ከገበያ ጠፋ፣ እስኪከፈት የምግብ ዘይት ጠብ ላድርግባት እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። መኪናዋ ትቁም አልኩት። ባለቤቴ ያን ሳፋ በአመድ አሽታ፣ በፈላ ውሃ አጥባ ፀሐይ ላይ ደፍታዋለች። ንጹሕ ነው፤ ያበራል። እኔም ዛሬ ጠዋት ገበያ ወጥቼ አዲስ ሳፋ ገዛሁላት። ለምን አለችኝ። ይኸው ይህን ያህል ዓመት አብረን ስንኖር፣ ያን ቀን ምን እንዳደረግኩ ዛሬ ገና ነገርኳት።

ሰምታኝ ስትጨርስ ተነሳች። የታጠበውን ሳፋ ወስዳ ከመኪናዋ ሥር መልሳ ደቀነችው።