ትርፏ የነሐስ እግር

ሥራ የጀመርኩት መገናኛ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ተካ በመጀመሪያው ቀን ካቻቢቴ አልሰጡኝም፤ የማዘርቦርድ፣ ማለትም የኮምፒውተር ዋና ሰሌዳ የሚታሸግበት ባዶ ካርቶን ሰጡኝ። "ቦርዱን ከኬዙ አውጥተሽ እዚህ ላይ ሳትሞክሪው ሞቷል እንዳትይ" አሉኝ። ኮሌጅ ተምሬ መጥቼ ካርቶን መታቀፌ አናደደኝ።

ከዓመታት በኋላ ቦሌ ሚካኤል የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። እጄ ፈጥኖ ነበር፤ ካርቶኑን ረሳሁት።

አንድ ቀን ወይዘሮ አስቴር ኮምፒውተራቸውን አሸክመው መጡ። ወረዳው በር ላይ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሴት ናቸው፤ ያለዚያ ኮምፒውተር ሥራ የላቸውም። ማዘርቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ካፓሲተሮች አብጠው ፈሰዋል። ቦርዱ መቀየር ነበረበት።

አዲሱን ከሄኖክ ወሰድኩ። ሄኖክ መገናኛ በቅርቡ ሱቅ የከፈተ ዝምተኛ ሰው ነው፤ የሚኖረው እንደኔ ላሉ ቴክኒሻኖች ዕቃ በመሸጥ ነው። ቦርዱን ገጠምኩት። ማቀዝቀዣው ፋን ትንሽ ዞር አለና ቆመ። መለስኩለት፤ ቃሌን አምኖ ምንም ሳይጠይቅ ሌላ ሰጠኝ። ያም እንደዚያው ሆነ።

ወይዘሮ አስቴር አጠገቤ ቆመዋል። "የኔ ልጅ፣ ዛሬም አይደርስም ማለት ነው?" አሉ። አፈርኩ። እፍረቴን ወደ ሄኖክ አዞርኩትና ቴክኒሻኖች ያለንበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ከሄኖክ ቦርድ አትግዙ፣ የሚሸጠው የሞተ ዕቃ ነው" ብዬ ለጠፍኩ።

በማግስቱ ሄኖክ ደወለልኝ። "ጫልቱ፣ ኮምፒውተሩን እንዳለ ይዘሽልኝ ነይ" አለ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ሄድኩ። ቦርዱን ከኬዙ አውጥቶ ካርቶን ላይ አስቀመጠና አስነሳው። ሠራ።

ከዚያ ባዶውን ኬዝ ወደ መብራቱ አዘነበለው። ቦርዱ ብረቱን እንዳይነካ ከፍ አድርገው ከሚይዙት ትንንሽ የነሐስ እግሮች አንዷ ትርፍ ነበረች። አሮጌው ቦርድ ትልቅ ስለነበር እሷም ታስፈልገው ነበር፤ አዲሱ ግን አነስተኛ ነው፣ እዚያ ቦታ ላይ ቀዳዳ የለውም። እግሯ ጀርባውን እየነካች ኤሌክትሪኩን ያለቦታው ታገናኝ፣ ሾርት ታደርገው ነበር። ሁለቱም ቦርዶች ደህና ነበሩ። ትርፏን መንቀል የኔ ሥራ ነበር።

ሄኖክ በፒንሳ ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። "ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሰው ትእዛዙን ሰርዟል" አለኝ።

እዚያው ቆሜ የእግሯን ፎቶ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩና "ጥፋቱ የኔ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ጥቂቶች ሳቁብኝ። የመጀመሪያው መልእክቴ ግን ወደማላውቃቸው ግሩፖች ተሻግሮ ነበር። እዚያ ማስተባበያዬን ያደረሰልኝ የለም።

ወይዘሮ አስቴር በዚያው ቀን ሥራቸውን ጀመሩ። ሄኖክ ከጥቂት ወራት በኋላ ሱቁን ዘጋ። በአንቺ ምክንያት ነው አላለኝም። እኔ ግን ዛሬም ይቆጨኛል።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ባዶ ካርቶን አለ። ቦርድ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይሞከራል፤ የምናገረው ከዚያ በኋላ ነው።