አንድ ሰዓት ከሩብ

ፈለቀች ቦሌ ሚካኤል የገባችው ባሏ በሕይወት ሳለ ነበር። ባሏ ሞተ፤ አንድ ልጇ ገሰሰም ለውትድርና ተመልምሎ አስመራ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለው የስፌት መኪናዋ ብቻ ሆነ። ሌላው ድምፅ ጣሪያዋን ታክኮ ወደ ማረፊያው የሚወርደው አውሮፕላን ነው። እሱ ባለፈ ቁጥር ከኮርኒሱ አቡጀዲ አቧራ ይረግፋል፤ እሷም የምትሰፋውን ልብስ አራግፋ ትቀጥላለች።

አንድ ሰኞ ከአስመራ የመጣ ወታደር መልእክት አደረሰላት። ገሰሰ ለትምህርት ወደ ሞስኮ መላኩ ነው፤ ነገ አዲስ አበባ አውሮፕላን ቀይሮ ያልፋል። «እናቴ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ትቁምልኝ» ብሏል። መቼ እንደሚመለስ መልእክተኛው አያውቅም። ሰዓቱንም አያውቅም።

ፈለቀች ደስታዋን ለሰው ካወራች የሚበላሽባት ይመስላታል። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚሸከመው ጎረቤቷ ነገራ ከሥራ ሲገባ ጠብቃ፣ እንደ ዋዛ በአጥሩ ላይ ጠየቀችው።

«ነገራ፣ የአስመራው አውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ሰዓት ከሩብ። ምነው እትዬ ፈለቀች፣ ሊበሩ ነው እንዴ?»

«እኔ? ወግ ነው!»

«ከሄዱ ለእኔ ጫማ! ቁጥሬ አርባ ሦስት ነው፣ እንዳይረሱ።»

ስቃ ገባች። የጠዋት ነው የማታ ብላ ብትጠይቀው ነገሩ የሚወጣባት መሰላት። ደግሞስ ጎህ ሳይቀድ ከአስመራ ማን ይነሳል? የማታው ነው አለች ለራሷ።

ማክሰኞ ገሰሰ የሚወደውን ድፎ ዳቦ ጋገረች። ከሰዓት በኋላ ዳቦውን አውጥታ ልታበርደው ስትል አውሮፕላን ጣሪያዋን አንቀጥቅጦ አለፈ፤ አቧራው ዳቦው ላይ ረገፈ።

«ወይ አንተ ደግሞ! ዛሬ እንኳ ተወኝ» አለችው ቀና ብላ። ዳቦውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ መሬት የረገፈውን አቧራ በመጥረጊያ ወደ ጥግ ገፋችው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ዳቦውን በመሶብ ጨርቅ ጠቅልላ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆመች። ሰው የለም። ነገራ ጋሪውን እየገፋ ብቅ አለ።

«እትዬ ፈለቀች! ማንን ሊቀበሉ ነው?»

«የአስመራውን። ልጄ አለበት።»

«የአስመራውማ ዘጠኝ ሰዓት ገባ።»

«አንድ ሰዓት ከሩብ አላልከኝም?»

«በአየር ላይ የሚፈጀውን ነዋ! የሚሄዱ መስሎኝ...» ቃሉን ሳይጨርስ ቆመ። «አንድ ወታደር እዚሁ እርስዎ የቆሙበት ላይ ቆሞ ነበር። ኑ ተሳፈሩ ሲባል ጓደኞቹ ጎትተው ወሰዱት። የእርስዎ ልጅ መሆኑን መች አወቅሁ? ምነው ቢነግሩኝ!»

ፈለቀች ዳቦውን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ከዚህ ሞስኮስ» አለች፣ «የመንገዱን ነው የምጠይቅህ፤ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሌሊቱን ሲበር ነው የሚያድረው።»

ቤቷ ገብታ ኩራዟን ለኮሰች። የዘጠኝ ሰዓቱ አውሮፕላን ያረገፈው አቧራ ጥጉ ላይ እንዳለ ነው። መጥረጊያውን አነሳች፤ መልሳም አስቀመጠችው።